ጣቱን ሲያነሳ

እህቴን «ጉንዳን» ያላት አባታችን ነው። ገና ስትድህ ጀምሮ የያዘችውን ነገር ጣቶቿን አንድ በአንድ ካልፈለቀቁላት አትለቅም ነበር ይባላል። ስታድግ ስሙም አብሯት አደገ፤ ሰፈሩም፣ የሥራ ቦታዋም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጉንዳን ይላታል። እኔ ታናሿ ነኝ። ሙያዬ ጸጉር ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዤ የሰው ወሬ ስለምሰማ አፌ ትንሽ ስል ነው። ለማንም ሳላዳላ እተርካለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ለእህቴ አዳላለሁ።

አባታችን ጎሚስታ ነበር። የጎማ መጠገኛው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ተለጥፎ የቆመ የቆርቆሮ ክፍል ነው። እሱ ግን አጥሩን ተሻግሮ አያውቅም። የመጀመሪያ ልጁን፣ የሁለታችንን ታላቅ፣ በሕፃንነቱ ከቀበረ ወዲህ ከእግዚአብሔር ጋር አይነጋገሩም። «እኔና እሱ ተቀያይመናል፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ደግሞ እሱ ነው» ይል ነበር ጎማ ውስጥ ነፋስ እየሞላ። ሌላው ቤት መሬት ይወረሳል፣ በእኛ ቤት የሚወረሰው ቂም ነው።

እህቴ ልጅ ሳለች ለአባቴ ምሳ አድርሺ ተብላ ስትላክ ቶሎ አትመለስም። ምሳውን ሰጥታ በአጥሩ ቀዳዳ ትሾልክና መዘምራኑ ሲለማመዱ ኪቦርዱ አጠገብ ኩርምት ትላለች። የመጋቢው ሚስት አየቻትና ዕቃ ቤት የተጣለውን አሮጌ ኪቦርድ አውጥታ አስጀመረቻት። ያ ኪቦርድ መሃሉ ላይ አንድ የማይናገር ቁልፍ ነበረው። እህቴ ያንን ቁልፍ እየዘለለች፣ ጉድለቱ ሳይታወቅ ዜማውን ማድረስ ለመደች። የሰውን ጉድለት መሸፈን የጀመረችው እንግዲህ ያኔ ነው።

እምነቷ ጩኸት የለበትም። እኔ እንደሷ አማኝ አይደለሁም፤ አንድ ቀን «እውነት ግን የሚሰማሽ አለ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ሌላው ሲጸልይ ይናገራል፤ እኔ ስጫወት አዳምጣለሁ» አለችኝ። ራሷ ግን አትዘምርም። ሲለምኗትም «ለእኔ ጣት ሰጠኝ፤ ጉሮሮውን ለሌላ ሰው አድሎታል» ትላለች። ቀን ቀን መጋረጃ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ ዜማ ይመጣላታል፤ ጨርቁ ቀጥ ብሎ እየሄደ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ መዝሙር ትደርሳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከሚዘመሩት ብዙዎቹ ከዚያ ፔዳል የወጡ ናቸው። ከነሱ አንዷ፣ ወንዝ መሻገርን የምትናገር ዝግ ያለች መዝሙር፣ የአባቴን ልብ አሸነፈች።

እንዴት እንደሆነ አናውቅም። አንድ እሑድ አባቴ በርጩማውን ይዞ ወጣና በአጥሩ በኩል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ፊት ለፊት ተቀመጠ። «ምን ትሠራለህ?» አለችው እማዬ። «ጥላ ፍለጋ ነው» አላት። ጠዋት ጠዋት እዚያ ቦታ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የምትመታው፤ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ጥላ ሥር ነኝ ይላል። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አይቀርም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሳንባው ሲታመምና አልጋ ሲይዝ፣ መጋቢውን ራሱ አስጠርቶ፣ «ጠቡን ትቼዋለሁ፤ እኔ ነኝ የምቀድመው፣ ንገርልኝ» አለው። ለጥምቀት ቀን ተቆረጠለት። ውሃ ውስጥ የሚገባበት ሳንባ ግን አልነበረውም፤ ቀኑ እየተገፋ እየተገፋ ሄደ። ሊሞት ሰሞን እህቴን አስጠግቶ፣ «ስትቀብሩኝ ያችን መዝሙርሽን እፈልጋለሁ» አላት። እሷም «እሺ አባዬ» አለች።

አሁን ስለ መረዋ ልናገር። መረዋ የመዘምራኑ መሪ ነው፤ ቅጽል ስሙን የሰጡት ድምፁ ደስ ስለሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ያምራል፤ ያንን አልነጥቀውም። ነገር ግን ጣራ አለው፤ ከጣራው በላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል። ይህንን የምታውቀው እህቴ ብቻ ነበረች። መዝሙር እየተዘመረ ሕዝቡ ሲሞቅ መሪው ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ለኪቦርድ ተጫዋቹ «አንድ እርከን ከፍ አድርግ» ማለቱ ነው። ተጫዋቹ የዜማውን መነሻ ከፍ ያደርጋል፣ ዘማሪው ይከተላል፣ ጉባኤው ይጮኻል። መረዋ ጣቱን ማንሳት የሚወድ ሰው ነው። አንዳንዱ ሰው የጨበጠውን እጅ መልቀቅ እንደማይወደው ማለት ነው፤ አንዴ ካነሳ አያወርድም።

እህቴ ምን ታደርግ ነበር? መዝሙሩን ስትጀምር ሆን ብላ ከመደበኛው ዝቅ አድርጋ ትጀምርለታለች። ጣቱን ሲያነሳ አንዳንዴ በእውነት ከፍ ታደርጋለች፤ ከምድር ቤት ስለተነሳች ጣራው ላይ አይደርስም። አንዳንዴ ደግሞ መነሻውን ሳትነካ ድምፁን ብቻ ታወፍረዋለች፤ ሕዝቡም መረዋም ከፍ ያለ ይመስላቸዋል። መረዋ ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው ነው የዘመረው፣ ከየት እንደሚነሳ ጠይቋት አያውቅም። ጣቱን ባነሳ ቁጥር የሚከፈት ሰማይ ያለው መስሎት ኖረ። ሰማዩን የምትይዝለት መጋረጃ ሰፊ ነበረች።

አባቴ አረፈ። እህቴ ለቤተ ክርስቲያኑ ቀብር ሁሉ ኪቦርዷን በባትሪ እያስነሳች የተጫወተች ሰው ናት፤ በዝናብም በፀሐይም። የማታውቃቸው ሰዎች ሬሳ ላይ ቆማ ተጫውታለች። መዘምራኑ እንደሚመጡ አልተጠራጠረችም። መቃብሩ አፍ ላይ ቆመን የመቃብር ግቢውን በር በሩን ስናይ ብቻውን የመጣው ድራም መቺው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ «መረዋ ደንቡ አይፈቅድም አለ። አባታችሁ አልተጠመቁም። ኪቦርዱም ተቆልፎበታል» አለ። ከንፈሯን ነክሳ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን ከበሩ ላይ ሳትነቅል ቆየች። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ጠበቁ። ኋላ አንዱ «እመቤት፣ አፈር እናልብሰው?» ብሎ እማዬን ጠየቀ። አባቴ ያለ አንዲት ዜማ አፈር ለበሰ።

ይሁን እንል ነበር፤ ደንብ ደንብ ነው ብለን እንውጠው ነበር። ወር ሳይሞላ ግን የባለፎቁ አባት ሞተ። ባለፎቁ ማለት ከዋናው መንገድ ላይ መስታወት የለበሰው ሕንፃ ባለቤት ነው። አባትየው እንኳን ሊጠመቅ ቤተ ክርስቲያኑን በመኪናው መስኮትም ዞሮ ያየ አይመስለኝም። መረዋ ከነመዘምራኑ ነጫጭ ለብሶ ሄደና የእህቴን መዝሙር፣ የወንዙን፣ ቀብሩ ላይ ዘመረ። ኪቦርዱን እንድትጫወት ሲልክባት እህቴ አመመኝ ብላ ቀረች። ያን ቀን ሱቄ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ ጸጉሯን ግን አላስነካችኝም።

«አሁን ገና ገባኝ» አለች። «ምኑ?» አልኳት። «አባዬ እንዴት ያን ሁሉ ዓመት እንደተቀየመ። አይከብድም እኮ። ይጣፍጣል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። መረዋ ረስቶታል። እህቴ በማግሥቱ ልምምድ ላይ ተገኘች፤ እሑድም ተጫወተች፤ እንደ ወትሮዋ ዝቅ አድርጋ አነሳችለት። ዝም ስትል የተወችው መሰለው። እኔ ተናድጄ «ጥለሽው አትወጪም?» ስላት፣ «ጥዬው ብሄድ ሌላ ተጫዋች ያመጣል፤ ጣራውን በልምምድ ላይ ይማራል። እኔ አጠገቡ ነኝ የምፈልገው» አለችኝ። መጋቢው ቂሟን ጠርጥሮ «በቀልን ለጌታ ተዪው፣ ልጄ» ብሎ መክሯት ነበር። «ጌታ ሥራ ይበዛበታል፤ በትንሹ ላግዘው» አለችው። አንድ ጊዜ መረዋ ጉንፋን ያዘው። እህቴ ተንበርክካ ጤና እንዲሰጠው ስትጸልይ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። «ምነው፣ ታረቃችሁ?» አልኳት። «ድምፁ ሙሉ ሆኖ እንዲደርስልኝ ነው» አለች፤ ፊቷ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም።

የምትጠብቀው ቀን የአዲሱ አዳራሽ ምረቃ ነበር። ከሌላ ከተማ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ካሜራ ተተክሏል፣ መዝሙሮቹ በቀጥታ ሊቀረጹ ነው። መረዋ ማሳረጊያ እንዲሆን የመረጠው የወንዙን መዝሙር ነው። «እንግዶች ይወዱታል» ብሏል አሉ። ይህንን የነገረችኝ እህቴ ናት። «ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ምንም። የሚያዘኝን እፈጽማለሁ።»

«ማለት?»

«መዝሙሩን ከእውነተኛ መነሻው አነሳለታለሁ። ጣቱን ሲያነሳ ከፍ አደርጋለሁ። ሌላ ምን አለ? ታዛዥ አገልጋይ ነኝ።»

ያኔ ገባኝና ሳቄ መጣ። በቀል ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ ጸጉር ቤት ውስጥ ያልተወራ የበቀል ዓይነት የለም። ሰውን በገዛ ጣቱ ማነቅ ግን አዲስ ነበር።

በምረቃው ቀን ቤተ ክርስቲያን የማላዘወትረው እኔ ቀድሜ ገብቼ ጥሩ ወንበር ያዝኩ። እማዬም ነበረች፤ እሷ ግን ምንም አታውቅም። መረዋ ነጭ ኮት ለብሶ ወጣ። እህቴ ጥግ ላይ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ኪቦርዷ ላይ አጎንብሳለች። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እንደ ወትሮው አገለገለችው። ማሳረጊያው መዝሙር ሲጀመር ግን ከመጀመሪያዋ ዜማ ጀምሮ የተለየ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ መዝሙሩ ብርሃን በዛበት። መረዋ ትንሽ ግር አለው፤ ግን ተከተለ። ሕዝቡ ሞቀ። ጣቱን አነሳ።

እህቴ ታዘዘች። ከፍ አለ። አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። ሕዝቡ ጮኸለት። ጩኸቱ ጣፈጠውና እንደገና ጣቱን አነሳ። እህቴ እንደገና ታዘዘች። ቤዝ ጊታር መቺው ዞሮ በድንጋጤ አያት፤ ራሷን አላነሳችም። አሁን መረዋ ዜማውን አይዘምርም፣ እየተንጠራራ ነው። ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ልምድ ነው መሰለኝ፣ እጁ ከራሱ ቀድሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳ። እህቴ ከፍ አደረገች። የእኔም ልብ አብሮ ተነሳ፤ ደስታዬን አልደብቅም። መረዋ አፉን ከፈተ፤ የወጣው እንደ ጎረምሳ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። ከዚያ እሱም ጠፋ። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

በቃ፣ አሁን ይሳቅበታል ብዬ ጠበቅኩ። ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ። «መንፈስ ነክቶት ነው፤ መዝሙሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ተንበረከኩ። ተከትለው ረድፍ በረድፍ ተንበረከኩ፤ እንግዶቹም። ሕዝቡ መዝሙሩን ከመረዋ አፍ ተቀብሎ እያለቀሰ ዘመረው። መረዋ መሃል ላይ ቆሞ እንባው ይወርዳል፤ የምን እንባ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እህቴ ነን። እንዲህ ያለ አገልግሎት አይተን አናውቅም ተባለ።

ቤት ስንገባ እህቴ ጫማዋን ግድግዳ ላይ ወረወረች። «ቅዱስ አደረግኩት» አለች። «በገዛ እጄ ቅዱስ አደረግኩት።» እኔ ጎኔን ይዤ ስስቅ አኩርፋኝ ሰነበተች።

መረዋ ግን ያውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ያለቀሰለት ሕዝብ ሊያታልለው አልቻለም። በሳምንቱ መሃል መጋረጃ ቤት መጣ። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ደጋግሜ ስላስነገርኳት ግን ያየሁት ያህል ነው። አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል፤ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። ሰፊዎቹ ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ጆሯቸውን አቆሙ።

«እህት ጉንዳን፣ ሆን ብለሽ ነው?»

«ጣትህን አነሳህ። ታዘዝኩ።»

«እስከ ዛሬም አነሳ ነበር እኮ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

«እስከ ዛሬ አልታዘዝኩህም ነበራ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ዓመታቱን ወደ ኋላ ሄዶ ሲቆጥር ታየ፤ እያንዳንዱን መዝሙር፣ እያንዳንዱን ጩኸት። የመጋረጃ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ከዚህ ወዲህ እጁን ባነሳ ቁጥር ወደ ጥግ ሳያይ እንደማይዘምር ያወቀው ያኔ ነው። እህቴ አዳራሹ ውስጥ ያጣችውን እዚያ ጥቅል ላይ አገኘችው፤ ስትነግረኝም ቀስ እያለች፣ ምንም ሳትዘል ነበር የነገረችኝ። ሲረጋጋ «ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«አባቴ መቃብር ላይ ትዘምራለህ። ያችን መዝሙር። ያለ ኪቦርድ፣ ያለ መዘምራን፣ እናቴ ፊት።»

«ደንቡ …»

«ለባለፎቁ አባት ደንቡን የት አስቀምጠኸው ነው የሄድከው? እዚያው አስቀምጠህ ና።»

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እማዬ፣ እህቴና እኔ መቃብሩ ራስጌ ቆመናል። አባቴ የተቀበረበት አፈር ረግቶ ሣር ማብቀል ጀምሯል። መረዋ ኮፍያውን አወለቀ። ድምፁ ገና አልዳነም። ጀመረ፤ ግን መነሻውን ማን ይስጠው? በጣም ከፍ አድርጎ ጀመረና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ታነቀ። ወደ እህቴ ዞሮ አየ፤ ድምፅ እንድታበድረው የሚለምን ዓይን ነበረው። እህቴ እጆቿን አጣምራ አየችው። ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ ተሰበረ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። እህቴ ፈገግ አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያው ፈገግታዋ ነው፤ እኔም አብሬያት ፈገግ አልኩ። ይበለው። ይዘምር። እየተንደፋደፈ ይጨርሰው።

«በቃ» አለች እማዬ።

መረዋ አቆመ።

«ልጄ፣ አንተ ሂድ። ጉሮሮህን ሞቅ ያለ ነገር አጠጣው» አለችው። ኮፍያውን ይዞ፣ ምስጋናም ይቅርታም ሳይል ወደ በሩ ሄደ። እህቴ «እማዬ፣ አልጨረሰም እኮ» አለች።

«አባትሽ እሱን መች ጠየቀው?»

እማዬ ወደ እህቴ ዞረች።

«አልጋው አጠገብ ነበርኩ። የጠየቀው አንቺን ነው። ‹መዝሙርሽን› ነው ያለው። ያን ቀን ኪቦርዱ ተቆለፈ፤ እሺ። አፍሽን ግን ማን ቆለፈው? ቆፋሪዎቹ ቆመው ጠበቁሽ። እኔ ጠበቅኩሽ። አንቺ በሩን በሩን እያየሽ፣ ማን እንዳልመጣ ስትቆጥሪ፣ አባትሽን አፈር አለበሱት።»

እማዬ ይህን ስትል አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። እህቴ ወደ በሩ ዞረች፤ መረዋ ወጥቶ ሄዷል። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ መቃብሩን መቃብሩን አየሁ። የምትቀየመው ሰው የፈለገች ይመስለኛል። እኛ ሦስታችንና አባቴ ብቻ ነበርን።

ኋላ አፏን ከፈተች። ለሰው ሁሉ መነሻ የምትሰጠው እህቴ የራሷን አታውቀውም ነበር። ከፍ አድርጋ ጀመረችና ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ እዚያው መረዋ በታነቀበት ላይ፣ ድምፏ ተሰበረ። ማንም ዝቅ ያደረገላት የለም። እንደገና ጀመረች፤ በተሰበረው ድምፅ፣ ሳታምር፣ ሳታቆም፣ እስከ መጨረሻው አደረሰችው። አባቴ ግን ያን ጊዜ ከተቀበረ ቆይቷል፤ እሷም ይህንን እያወቀች ነው የዘመረችው።